በእምነት ዶክተር የሆንኩበት ዓመት

በቤተ ክርስቲያናችን «በእምነት መመስከር» የሚባል ነገር አለ። ገና ያልሆነውን ነገር ሆኗል ብሎ፣ ጌታን አስቀድሞ አመስግኖ፣ ማይክ ይዞ መናገር ነው። ቪዛ ያላገኘ ሰው ቪዛዬ ወጥቷል ይላል፤ በኪራይ የሚኖረው ስለ አዲሱ ቤቱ ያመሰግናል። እናቴም የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ውጤቴ በመጣ ሰሞን፣ እሑድ ጠዋት ብድግ ብላ «ልጄ ሐኪም ሆናለች» ብላ መሰከረች። እልልታው የአዳራሹን ቆርቆሮ ሊያነሳው ደረሰ። እኔ ከመዘምራኑ መሃል ተቀምጬ የምገባበት ጠፋኝ። እሷን ጨምሮ ማንም ሰው ምን መማር እንደምፈልግ ጠይቆኝ አያውቅም ነበር።

ከዚያ ቀን ጀምሮ በስሜ የሚጠራኝ ጠፋ፤ ዶክተር ሆንኩ። ሰፈሬ ዓለም ባንክ ከታክሲ ስወርድ አንዱ የላቦራቶሪ ውጤት ይዞ ይጠብቀኛል፣ ሌላዋ መንገድ ላይ አቁማኝ ምላሷን ታሳየኛለች። ዩኒቨርሲቲ ገና የመጀመሪያ ዓመት ነኝ፤ የምማረው ሒሳብና እንግሊዝኛ ነው። በጣም ያናድደኝ ነበር። እናቴ ግን ዶክተር በተባልኩ ቁጥር ፊቷ ስለሚበራ ዋጥ አድርጌ አልፋለሁ። ክፋቱ ደግሞ ውጤቴ ለሕክምና የሚበቃ ነበር።

የትምህርት ክፍል ምርጫ ሊዘጋ ትንሽ ቀን ሲቀረው፣ ከቤት ለቤት ኅብረታችን አንዲት ትልቅ እናት ጠሩኝ። የዓይን ግፊት አለባቸው፤ ጠብታቸው አልቋል። ማዘዣውን እጄ ላይ አስቀምጠው «አንቺ ነሽ የምታውቂበት፣ ዶክተሬ» አሉኝ።

«እሺ እማማ፣ ፈልጌ አመጣልዎታለሁ» አልኩ። ምኑን እንደማውቅበት እግዜር ይወቅ።

ከዘነበወርቅ ጀመርኩ፤ ሆስፒታል ባለበት መድኃኒት አይጠፋም ብዬ። አንዱ አልቋል፣ አንዱ ነገ ሞክሪ፣ አንዱ ቀና ብሎም አላየኝ። አየር ጤናም ያው ነው። በታክሲ ቤቴል ስደርስ እግሬ ዝሏል፣ ሆዴ ባዶ ነው፣ ሴትየዋ ያለ ጠብታ ሊያድሩ ነው እያልኩ እጨነቃለሁ። የመጨረሻ ብዬ የገባሁበት መድኃኒት ቤት ውስጥ በእኔ ዕድሜ የምትሆን ልጅ ማዘዣውን አየችና ኮምፒውተሩን ነካ ነካ አደረገች።

«እኛ ጋ የለም። ዓለም ባንክ ያለው ቅርንጫፋችን ግን አለ። ላስይዝልሽ?»

«ሳትደውዪ እንዴት አወቅሽ?»

«ምን ያስደውለኛል? ይኸው ይታየኛል እኮ!» ብላ ስክሪኑን ወደ እኔ አዞረችው።

የመድኃኒት ስሞች ተደርድረዋል፤ በየስሙ ጎን ቁጥር አለ። እያየሁት ከመሃል አንዱ ቁጥር በራሱ ቀነሰ። ማንም አልነካውም።

«ይሄ ምንድን ነው?» አልኩ።

«እዛ አሁን ሰው ገዝቶ ነዋ። ሊያልቅ ሲል ራሱ ለመጋዘን ይናገራል።»

እኔ ቤቴል ቆሜ፣ ዓለም ባንክ፣ እቤቴ አጠገብ፣ የማላውቀው ሰው መድኃኒቱን ይዞ ሲወጣ አየሁ። ስልክ ይዤ ያደግሁ ልጅ ነኝ፤ ኮምፒውተር ብርቄ አይደለም። የገረመኝ ሌላ ነው። ቀኑን ሙሉ በር ለበር ስንከራተት የዋልኩት መድኃኒቱ ከከተማው ጠፍቶ ሳይሆን፣ ያለበትን የሚነግረኝ አጥቼ ነበር።

ማን እንደሠራው ጠየቅኳት። «የድርጅቱ ሰዎች ናቸው» አለች። «አንዷ መጥታ ከእኛ ጋር ስትሸጥ ሰነበተች። ምን ቶሎ ይሄዳል፣ ደንበኛ ምን ብሎ ይቆጣል፣ ዕቃ ስታዙ የት ላይ ትሳሳታላችሁ እያለች ስትጠይቅ ከረመች። ኮምፒውተሩ ጋ የደረሰችው መጨረሻ ላይ ነው። ኢንፎርሜሽን ሲስተም ነው መሰለኝ የተማረችው።»

ስሙን አውቀዋለሁ። ግቢ ውስጥ ንግዱንም ኮምፒውተሩንም የሚያስተምር ክፍል ነው፤ እኛ ጎበዝ ነን ባዮቹ ለሌላው ክፍል ነጥብ ያልሞላለት የሚገባበት አድርገን እናየው ነበር። ጠብታውን ከዓለም ባንክ አንስቼ ለእማማ ሳደርስ መርቀውኝ አልጠግብ አሉ። እኔ አሁንም ያ ቁጥር ሲቀንስ ነው የሚታየኝ።

ማታውኑ ለእናቴ ነገርኳት። ልብስ እያጠፈች ነበር። መድኃኒት ቤቱን፣ ቁጥሩን፣ መጋዘኑን፣ ትንፋሽ አጥሮኝ ሳወራ አንዴም አላቋረጠችኝም። አንደኛ ምርጫዬ ማኔጅመንት ኢንፎርሜሽን ሲስተም ነው ስላት እጇ ቆመ።

«እና እኔ ማይክ ይዤ የተናገርኩትስ? ጌታን ምን ልበለው?»

ሰው ምን ይለኛል ብትል ይቀለኝ ነበር። «እስቲ ልጸልይበት» ብላ ተነሳች። እኛ ቤት ልጸልይበት ማለት አይሆንም ማለት ነው፤ ይህን ከልጅነቴ አውቃለሁ። አልጋዬ ላይ ተደፍቼ አለቀስኩ። ምርጫው ሰኞ ይዘጋል፤ እሷን አሳፍሬ የፈለግኩትን ልምረጥ ወይስ ሐኪም ልሁን፣ መወሰን አቃተኝ።

እሑድ የምስክርነት ሰዓት ሲደርስ እናቴ ተነሳች። ደግማ ልትመሰክርብኝ ነው ብዬ ደነገጥኩ።

«ወገኖች፣ ጌታ ይባረክ» አለች። «እዚህ ቆሜ ልጄ ሐኪም ሆናለች ብዬ ነበር። ጌታ እንደዚያ አላለኝም። የራሴን ምኞት ነው እሱ አለ ብዬ የነገርኳችሁ። ልጄንም አልጠየቅኳትም። ይቅር በሉኝ።»

በዚያ ማይክ ምስክርነቱን የመለሰ ሰው አይተን አናውቅም፤ አሜን ይባል ሃሌ ሉያ፣ ሰው ግራ ገባው።

«የምትማረው ማኔጅመንት ኢንፎርሜሽን ሲስተም ይባላል» ብላ ቀጠለች። «ምን እንደሆነ በደንብ አልገባኝም። ስታወራው ግን ፊቷን አይቻለሁ። ጸልዩላት።»

ከፊት አንድ ሰው አሜን አለ፤ ቀጥሎ ሌላው፣ ከዚያ ሁሉም። እኔ አፌን ከፍቼ እናቴን አያለሁ። አሥራ ምናምን ዓመት አብሬያት ኖሬ ይህን ያህል ትልቅ ሰው መሆኗን አላውቅም ነበር።

ከመዘምራኑ ወጥቼ አጠገቧ ሄጄ ተቀመጥኩ። ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብላ «ስሙን አበላሸሁት እንዴ?» አለችኝ።

«አላበላሸሽም፣ እማዬ።»

ከዚያ ረጅም የትምህርት ስም አንድ ፊደል አልሳተችም። ብቻዋን ሆና መቼ እንዳጠናችው እስከ ዛሬ አልነገረችኝም።