ናሉኩዊና እምቢተኞቹ ግሶች

ሞንጉ ከተማ ውስጥ ናሉኩዊን «ቦ» የሚለውን የአክብሮት ቃል ሳያስቀድም የሚጠራ የለም፤ ሹሙም ዓሣ ሻጩም ያው ነው። እንግሊዝኛ አስተማሪ ናቸው። ሰዋስው ሲያስተምሩ የሰፈር ወሬ የሚያወሩ እንጂ ሕግ የሚያስጠኑ አይመስሉም።

ያን ሰሞን ትምህርቱ ከግስ ስም ማውጣት ነበር። ‘ቲች’ ላይ ‘ኧር’ ሲጨመር ‘ቲቸር’፣ አስተማሪ ይሆናል፤ ‘ፋርም’ም ‘ፋርመር’፣ ገበሬ። ዝምተኛዋ ሴፒሶ ያለወትሮዋ እጇን አወጣች።

«እናቴ ኩከር ናት» አለች በእንግሊዝኛ።

ምግብ አብሳይ ማለቷ ነበር። ‘ኩከር’ ግን ምድጃ ነው። ክፍሉ በሳቅ ተናጋ። ሙንዲያ የሚባለው ቀልደኛ ይባስ ብሎ፣ «በጋዝ ነው በኤሌክትሪክ የምትሠራው?» አላት።

ሴፒሶ ከዚያ በኋላ ትምህርት ቤት ድርሽ አላለችም።

ወቅቱ ወንዙ ሜዳውን ያጥለቀለቀበት ነው። ቦ ናሉኩዊ ዋና አይችሉም፤ ቢሆንም ወደ ሴፒሶ ቤት በታንኳ ተሻገሩ። የልጅቷ እናት ናማታማ ለቀዛፊዎች የበቆሎ ገንፎና ዓሣ ስታቀርብ አገኟት። እንደ አገሩ የአክብሮት ወግ ብርክክ ብላ እጇን እያጨበጨበች ሰላም አለቻቸው።

«ምነው ቦ ናሉኩዊ፣ በዚህ ውኃ? ሰው ሞተ እንዴ?»

«ኧረ ሰው አልሞተም። ልጄን ልወስድ ነው።»

«ልጅዎማ እናቴን ምድጃ አልኳት ብላ ተሸማቃ ተቀምጣለች። እኔ እንደሆን አልከፋኝም፤ ምድጃ ካልነደደ ማን ሊበላ ነው? ግን አንድ ነገር ልጠይቅዎት። ሕጉን ያስተማሯት እርስዎ አይደሉም? ባከበረች ይሳቅባታል?»

«እውነትሽን ነው፤ የከዳት ሕጉ ነው» አሉና ከት ብለው ሳቁ። ሴፒሶ ከጓዳ ብቅ አለች።

በማግስቱ ቦ ናሉኩዊ ሙንዲያን አስነሱት።

«‘ስቲል’ መስረቅ ነው። የሚሰርቀውስ ምን ይባላል?»

«ስቲለር!» አለ ደረቱን ነፍቶ።

«አንተ ‘ስቲለር ያዙ’ ብለህ ስትጮህ ሌባው አገር ያቋርጣል። ‘ቲፍ’ ነው የሚባለው።»

ልጆቹ ተንጫጩ፤ ሙንዲያም ራሱ ሳቀ። ይሄኔ ሴፒሶ ቀስ ብላ ተናገረች፦

«በእኛም ቋንቋ ‘ሌባ’ የሚለው ‘ሰረቀ’ ከሚለው አይወጣም እኮ።»

ቦ ናሉኩዊ ዕድሜ ልካቸውን በተናገሩት በገዛ ቋንቋቸው ይህን ልብ ብለውት አያውቁም።

«ይቺን እኔም አላየኋት» አሉና፣ ጉልበታቸውን ሸብረክ አድርገው ለታላቅ እንደሚደረገው አጨበጨቡላት። አስተማሪ ለተማሪ እንዲህ ሲያደርግ ማን አይቶ!

ሴፒሶ ዛሬ የፍርድ ቤት አስተርጓሚ ናት። ቦ ናሉኩዊን ዋና ከተማዋ ሉሳካ ለትልቅ ሹመት ቢጠሯቸው አልሄዱም።

«እዚያ የሚሰጡኝ ወንበር ነው» ይላሉ ለጠየቃቸው ሁሉ፣ «ወንበር ደግሞ ተሳስቶ አያስቀኝም።»