የማትጠገነው መኪና

ለሥራ ተመድቤ ገንዳ ውሃ ከተማ ስመጣ የማውቀው ሰው አልነበረም። ከአባቴ የወረስኳት አሮጌ መኪና ዘይት ማንጠባጠብ ስትጀምር፣ በአቅራቢያው ባለችው ኮኪት ከተማ ብቻቸውን ወደሚኖሩት ጡረተኛ መካኒክ፣ ወደ አያ ተገኘ ወሰድኳት።

«አሮጌ ሞተር ማንጠባጠቡን ካቆመ ይደርቅና ይሞታል። እንዳታስጠግናት። በየእሑዱ ብቻ አምጣልኝ፣ እኔ አያታለሁ» አሉኝ።

አምኜ ስድስት ወር ተመላለስኩ። ባለፈው እሑድ ምሳ አብረን በልተን፣ ለስላሳ ልገዛ ሱቅ ደርሼ ስመለስ ከመኪናዋ ሥር ተኝተው አገኘኋቸው። የዘይት ማፍሰሻውን ብሎን በመፍቻ እያላሉ ነበር።

«ምን እየሠሩ ነው፣ አያ?» አልኳቸው።

መፍቻውን ከጎናቸው አስቀመጡ። እኔም ጠርሙሶቹን እንደያዝኩ ፀሐይ ላይ ቆምኩ።

«ደህና መኪና ይዘህማ» አሉ ከሥር ሳይወጡ፣ «ምን ልትሠራ እኔ ቤት ትመጣለህ?»