ከመኪና መግቢያችን የነቀልኋቸው ድንጋዮች

ባለፈው ሳምንት አንድ አትክልተኛ ግቢያችን መጥቶ የመኪና መግቢያውን ዳርና ዳር በምን እናስይዘው ብሎ ጠየቀኝ። መልሴን ሳይጠብቅ ኖራ በባልዲ በጠበጠ። ያ ጉሮሮ የሚይዝ እርጥብ ሽታ ሲመታኝ ፍኖተ ሰላም፣ የድሮው ቤታችን በር ላይ የቆምሁ መሰለኝ። «ባዶውን ተወው» አልሁት። ሰውዬው ቅር ብሎት ሄደ።

አባቴ የጭነት መኪና ሹፌር ነበር። ከቡሬ እህል ጭኖ ሲመለስ መኪናውን የሚያሳድረው ግቢያችን ውስጥ ነው። ክረምት ሲገባ መግቢያው ጭቃ ይሆንና ጎማው እየተንሸራተተ የእናቴን ጽጌረዳ ይደፈጥጠዋል። እሷ ትተክላለች፣ እሱ ይጨፈልቃል፤ በየዓመቱ ያው ጭቅጭቅ ነው።

በመጨረሻ ታላቅ ወንድሜ መላ አመጣ። ከላህ ወንዝ ድቡልቡል ድንጋይ በጋሪ አስጭኖ መጣና ከበሩ እስከ ጓሮ ሲባጎ ወጠረ። ከዚያ በግራና በቀኝ ድንጋዮቹን ግማሽ ድረስ እየቀበረ ደረደራቸው፤ ኖራም ቀባቸው። «ውሃ አያስቀዱ፣ አይጠወልጉ፣ ጎማ ቢወጣባቸው አይሞቱ!» አለ እጁን እያራገፈ። እናቴም «ስንፍና እንዲህ ካስዋበ እኔም ልስነፍ» ብላ ሳቀችበት።

በዓመቱ ብሔራዊ ውትድርና ወሰደው። ሲሄድ እናቴን «ድንጋዮቼን አደራ» አላት በቀልድ። እሷ ግን ቀልዱን የምር ያዘችው። ለየበዓሉ ኖራ ትቀባቸዋለች፤ የሰፈር ልጅ ከተቀመጠባቸው ታባርራለች። ደብዳቤው ሲቋረጥ ደግሞ ባሰባት። እነሱ ካልተነኩ እሱም የማይነካ ይመስላት ነበር መሰለኝ። የአሥራ አንድ ዓመት ልጅ ነበርሁ፤ «ማንም እንዳይነካቸው» ብላ እኔን ሴት ልጇን ጠባቂ አድርጋኝ ነበር።

አንድ ቅዳሜ እናቴ ገበያ ሄዳ፣ አባቴም ከመንገድ ገብቶ ተኝቶ ሳለ፣ ጎረቤታችን መጡ። ዓይናቸው ቀልቷል፤ ጭስ መስሎኝ አለፍሁት።

«የኔ ልጅ፣ ነገ ዝክር አለብኝ፤ ለጉልቻ የሚሆን ድንጋይ ቸገረኝ» አሉኝ።

«እናቴ ትቆጣለች እኮ፣ እትዬ!»

«ግድ የለሽም፣ እኔው እነግራታለሁ።»

ትልቅ ሰው እንዴት እምቢ ይባላል? ከመኪናው ማዶ ያሉትን ስድስቱን፣ የሁለት ጉልቻ መሆኑ ነው፣ በዶማ ፈነቃቅዬ አወጣሁላቸው። ተሸክሜም አደረስሁ። ግቢያቸው ሽንኩርት በሚልጡ ሴቶች ተሞልቶ ነበር፤ እኔ ስገባ ሁሉም ዝም አሉ። አንዷ ዳቦ ቆርሳ ሰጠችኝ፤ እየበላሁ ወጣሁ።

እናቴ አመሻሽ ላይ ገበያው ቀንቷት እየሳቀች ገባች። መኪናው ስለከለላት ክፍተቱን አላየችም።

ሊነጋጋ ሲል በራችን ተንኳኳ። በእኛ አገር መርዶ የሚነገረው ሽማግሌው ተሰብስቦ፣ ለለቀስተኛ የሚቀርበውም በጎረቤት ቤት ተሰናድቶ ካለቀ በኋላ ነው። ሰፈሩ ሁሉ ከእኛ በፊት ያውቅ ኖሯል። የወንድሜን ለቅሶ ጉልቻ፣ ያውም እሱ የተከለውን፣ ነቅዬ ያቀበልሁት እኔ ነኝ።

በሦስተኛው ቀን ድንጋዮቹ ጥቀርሻ ለብሰው ተመለሱ። እናቴ ከመደቧ ተነሥታ መጣች።

«እነዚህን ማን ነው የነቀላቸው?»

ጎረቤታችን ወደ እኔ አዩ።

«እኔ ነኝ የሰጠኋቸው» አለ አባቴ።

«መቼ?»

«ቅዳሜ።»

እናቴ ትኩር ብላ አየችው። «አውቀው ኖሯል! እየሳቅሁ ስገባ፣ አውቀው ኖሯል ዝም ያሉኝ!»

አላወቀም። እሱም እንደ እሷ እሑድ ጠዋት ነው የሰማው። ግን አንገቱን ደፍቶ ተቀበላት።

ከዚያ ወዲህ ምግቡን ሳታጓድል ታቀርብለታለች፤ ከአንድ ገበታ ግን አብራው አልበላችም። ከፍ ካልሁ በኋላ አንድ ቀን ወደ ደምበጫ አብሬው ስሄድ «ልንገራት» አልሁት። ከመንገዱ ላይ ዓይኑን ሳይነቅል «ተይ» አለኝ። «አንድ ልጅ ነው የቀራት። እኔን ትጥላኝ።»

አባቴ ካረፈ ቆየ። እናቴ አርጅታ ከእኔ ጋር ትኖራለች። ስሙ ሲነሣ እጄን ትይዝና «ደግ ሰው ነበሩ፤ ያችን ቅዳሜ ግን ይቅር አላልኋቸውም» ትለኛለች። እኔም እጄን አላስለቅቅም።