ቱባ ነፊው ቼሎ ሲይዝ

ቼሎ የሚባለውን ትልቅ ቫዮሊን መማር የጀመርኩ ዕለት፣ እንደ ቱባ ታቅፌ፣ ደረቴን ነፍቼ ቆሜ ጠበቅኩ። የቡድናችን መሪና አንደኛ ቫዮሊን ተጫዋች መምህር ደረጀ ከእግር እስከ ራስ አየኝና፣ «ሳጅን፣ እሱ እኮ ተቀምጠው የሚጫወቱት ነው» አለኝ። ተቀመጥኩ። ከዚያ በፊት ተቀምጬ ሙዚቃ ተጫውቼ አላውቅም ነበር።

የሥራ ዘመኔን ያሳለፍኩት በፖሊስ ማርሽ ባንድ ውስጥ ቱባ የተባለውን ትልቁን የናስ መለከት ስነፋ ነው። ከቱባ ያለያየኝ ጥርስ ነው። የፊት ጥርሶቼ ወልቀው ሰው ሠራሽ አስገባሁ። ለምግብ ምንም አይልም፤ ጠንከር አድርጌ ስነፋ ግን ከአፌ ወጥቶ ቱባው ውስጥ ይሰነቀራል። አንድ ጊዜ በሰልፍ መሀል ይኸው ደረሰብኝና፣ ቱባውን ገልብጠን እስክናራግፈው ድረስ ከኋላችን ያለው ሁሉ ባለበት ይረግጥ ነበር። ብዙም ሳልቆይ ጡረታ ወጣሁ።

ደረጀ አዳማ ላይ የአራት ሰው ቡድን ለማቋቋም ሲነሳ ቼሎ የሚጫወት ሰው አጣ። እኔን ሻይ ቤት አግኝቶ፣ «የምፈልገው ወፍራም ድምፅ የለመደ ጆሮ ነው። ጣትዎን እኔ አስተምረዋለሁ» አለኝ። ጠዋት ጠዋት ቤቱ እየሄድኩ የቼሎውን ቀስት መሳብ ተማርኩ። ጎረቤቶቹ በሬ ገዝቶ እንደሆነ ጠይቀውታል።

ሁለተኛ ቫዮሊን ገመቹ ነበር፤ የደራ ልጅ፣ በየሰርጉ ማሲንቆ ሲጫወት የኖረ። መጀመሪያ ቫዮሊኑን ጉልበቱ ላይ አቁሞ ነበር የሚይዘው። ደረጀ አገጩ ሥር ቢያስገባለትም የሰው ዓይን ካየ ልማዱ ይመለስበታል። እንግዳ ፊት ሄዶ ጎንበስ ይልና፣ ግጥም እንዲሰጡት ፈገግ ብሎ ይጠብቃል። አንዴ ስብሰባ ላይ የነበሩ አንድ ኃላፊ ደንግጠው ቢዝነስ ካርዳቸውን ሰጡት።

ከቫዮሊን ትንሽ ተለቅ የሚለውን ቪዮላ የምትጫወተው ሊዲያ የሞጆ ልጅ ናት፤ ያደገችው ቤተ ክርስቲያን በመዘምራን መካከል ነው። እዚያ ዘማሪው እጁን እስኪያነሳ ድረስ አዝማቹ ይደጋገማል። ስለዚህ ሊዲያ ዓይኗን ከጨፈነች ሙዚቃ አያልቅም። እኛ ጨርሰን ቀስታችንን ስናወርድ እሷ እንደገና ትጀምራለች።

ደረጀ ስለ ራሱ ሲጠየቅ መልሱ አጭር ነው። «ቫዮሊን ብቻ። ሌላ ነገር ነክቼ አላውቅም።»

ልምምድ ላይ እንዲህ እንባባላለን።

«ሳጅን፣ እግርዎ።»

«ምን ሆነ?»

«እየተራመደ ነው።»

እውነቱን ነው፤ ግራ እግሬ ወለሉን ይደበድባል። በኋላ ጫማዬን አውልቄ በካልሲ እንድጫወት ተወሰነ።

የምንሠራበት ሆቴል ሥራ አስኪያጅ ወይዘሮ ሰናይት አንድ ቀን ደረጀን ጠርተው፣ «አቶ ደረጀ፣ እንግዶች ሾርባ ላይ እያንቀላፉ ነው። የቅዳሜው ሰርግ ካላማረ ዲጄ አመጣለሁ» አሉት። ፊቱ ዐመድ መሰለ። ለዚህ ቡድን ብሎ የማስተማር ሥራውን ትቷል። እኔም ብሆን የሚጠብቀኝ ቤት ቁጭ ብሎ ከባለቤቴ ጋር ስለ መጋረጃ ቀለም መከራከር ነበር።

ቅዳሜ ደረሰ። ሙሽራዋ የምትገባው ደረጀ ራሱ በጻፈው ቀስ ያለ ዜማ ነው። ጀመርን። ሙሽራዋ በሩ ላይ ደረሰች፤ ከዚያ ቆመች። የቀሚሷ ጭራ በበሩ ማጠፊያ ውስጥ ገብቶ ተይዟል። ሚዜዎቹ ይጎትታሉ፣ እናትየዋ «ቀስ በሉ፣ የኪራይ ነው» ይላሉ፣ ዜማው ደግሞ እያለቀ ነው።

አለቀ። ደረጀ ቀስቱን አነሳ። አዳራሹ ጸጥ አለ።

ሊዲያ ግን ዓይኗን ጨፍና ነበር። አዝማቹን እንደገና ጀመረች። ገመቹ ተከተላት፤ የሙሽራዋ አጎት አንገታቸውን ሲነቀንቁ አይቶም ብድግ አለ። ቫዮሊኑ ከአገጩ ወደ ሆዱ ወረደ፤ ዜማው ወደ ሰርግ ዘፈን ዞረ። በኦሮምኛ «አካም ጂርቱ አባቴ» ብሎ ደኅንነታቸውን እየጠየቀ ወደ አጎትየው ሄደ። አጎትየው ግጥም ሰጡት፤ ተቀበላቸው። እኔ ምን ላድርግ? እጄ የሚያውቀውን የሰልፍ ምት ሠራ፤ ግራ፣ ቀኝ፣ ግራ፣ ቀኝ።

ጨርቁ ሲቀደድ ተሰማ። ሙሽራዋ ነጻ ወጣች። ሚዜዎቹ ሳያውቁት እርምጃቸውን በእኔ ቼሎ አስተካክለው፣ ክንዳቸውን እያወዛወዙ እንደ ሰልፈኛ ገቡ። ሕዝቡ አጨበጨበ። ደረጀ ቀስቱን አየር ላይ እንደያዘ ቀርቷል።

ይኼኔ የሙሽራዋ አክስት አጠገቡ መጡ። «አንተ፣ የሞጆው ደረጀ አይደለህም? በሰርጌ ኪቦርድ የተጫወትክልኝ?»

«ተሳስተዋል፣ እማማ።»

«አልተሳሳትኩም። ፀጉርህ ትከሻህ ላይ ይደርስ ነበር። በል አሁን ያቺን ቺክቺካ ምታልኝ።»

ሊዲያ ዓይኗን ገለጠች። ገመቹም ዞር አለ። ደረጀ አንድ ጊዜ ወደ ጣሪያው አየና በቀስቱ እንጨት ክሩን መምታት ጀመረ። ቺክቺካው እንዲህ የጠራ ነው ብዬ አልጠበቅኩም። አክስትየው ነጠላቸውን አሸርጠው ወረዱበት።

ሰርጉ ሲያበቃ ወይዘሮ ሰናይት መጡ። እኔ ቼሎዬን ለመሸኘት ተዘጋጅቼ ነበር።

«ዛሬ የተጫወታችሁት ልምምድ ያደረጋችሁበት ነው?» አሉ።

«አይደለም» አለ ደረጀ።

«ታዲያ ይህን ይዛችሁ እንግዶቼን ለምን ታስተኙብኛላችሁ?»

ውላችንን አደሱልን። በምሳ ሰዓት የደረጀን ዜማ፣ በሰርግ የሁላችንን እንድንጫወት ተስማማን።

በሚቀጥለው ልምምድ ደረጀ ኖታውን አላወጣም። የሙዚቃ ትምህርቱን የተማረው በየሰርጉ ኪቦርድ እየተጫወተ ባገኘው ገንዘብ እንደሆነ ነገረን። ትምህርት ቤት ሲገባ ልጆቹ «የሰርግ ኪቦርድ» እያሉ ስለሳቁበት ከዚያ በኋላ አንስቶት አያውቅም። እኛም የየራሳችንን አወራን። የጥርሴን ታሪክ ስነግራቸው ሊዲያ ከወንበሯ ልትወድቅ ደረሰች። ያን ቀን አንድም ዜማ አልተለማመድንም።

ዛሬ ከአዳማ አልፈን ሞጆና አሰላ ድረስ ለሰርግ እንጠራለን። ወደዚህ ሙያ ለምትገቡ የምነግራችሁ ይህን ነው፤ አዲስ ቡድን ስትመሠርቱ ጓደኞቻችሁ ቀድሞ ምን ይጫወቱ እንደነበር በመጀመሪያው ቀን ጠይቁ። እኛ ሳንጠይቅ ብዙ ልምምድ አባክነናል።