የበርበሬ ነጋዴው በርጩማ

በቡሬ ገበያ በርበሬ የሚነግዱ አንድ ሙስሊም ሽማግሌ አሉ። ነጭ ኮፍያቸው በበርበሬ ብናኝ ቀልቷል፤ ሲቆጡ ድምፃቸው አህያ ያስበረግጋል። ታዲያ ቁጣቸው በመጣ ቁጥር በርጩማቸውን ስበው ቁጭ ይላሉ። ጎረቤታቸው ጨው ሻጯ ምንትዋብም፣ “ጋሼ፣ ዛሬም በርጩማው ጠራዎ?” እያለች ትስቃለች።

ዘንድሮ የእህታቸው ልጅ ኢርፋን ለሥራ ከሄደበት ሩቅ አገር ተመልሶ አብሯቸው ይነግዳል። የምንትዋብን ሰላምታ ግን፣ ክርስቲያን ናት ብሎ፣ አይመልስም። ሽማግሌውን እንቅልፍ የነሣቸው፣ ልጁ ጥላቻን ሃይማኖት ብሎ እንዳይዝባቸው የሚለው ሥጋት ነው።

ትናንት፣ “አጎቴ፣ ጂሃድ እኮ ሰይፍ ነው፤ የጀነት አቋራጩም እሱ ነው” አላቸው።

ደማቸው ፈላ፤ ተቀመጡ።

“ረሱላችን ‘ቆሞ የተቆጣ ይቀመጥ’ ብለዋል። የኔ ጂሃድ ከዚች ከነፍሴ ጋር ነው፤ እስከ ዛሬም አላሸነፍኋት። ጀነትን የሚሰጠው አላህ በእዝነቱ ነው እንጂ በኔ ጡንቻ አይደለም።”

ዛሬ አንድ ገዢ፣ “በርበሬው ሚዛን እንዲደፋ ውኃ አርከፍክፈህበታል፣ ሌባ!” ብሎ ኢርፋንን ሰደበው። ኢርፋን የሚዛኑን ብረት ጨብጦ ተነሣ። ሽማግሌው በርጩማውን በእግራቸው ገፋ አደረጉለት። ኢርፋን ቁና ቁና እየተነፈሰ ቆየና ተቀመጠ።

“እንግዲህ ሁለት በርጩማ ሊያስፈልጋችሁ ነው!” አለች ምንትዋብ።

ኢርፋን ሳይወድ ሣቀ። “እንዴት ዋልሽ፣ እትዬ?” አላት።

ሽማግሌው በርጩማቸውን ለኢርፋን ትተው ዛሬን ቆመው ዋሉ።