እትዬ በላይነሽና መንገድ መሪው ፈንታ

ባለፈው ሳምንት ጎንደር አራዳን ሳቋርጥ ከአንድ በረንዳ የእግር ስፌት መኪና ድምፅ ሰማሁ። የመኪናው ዘይት ሽታም አብሮ መጣ። ቆሜ ቀረሁ። በደርግ ጊዜ ተሰደን ሱዳን፣ ገዳሪፍ ስንኖር ጎረቤታችን የነበሩት ልብስ ሰፊዋ እትዬ በላይነሽ ፊቴ ድቅን አሉ።

ቀጭን፣ ሰው ቶሎ የማያምኑ ሴት ነበሩ። የሰሊጥ እርሻ ሠራተኞችን ሱሪ ይጠግናሉ። ሰው ሲያወራቸው መርፌውን በከንፈራቸው ይዘው ትክ ብለው ያዩታል።

ከሁሉ አጥብቀው የሚጠረጥሩት ፈንታን ነበር። ፈንታ ድንበር በስውር የሚያሻግር መንገድ መሪ ነው፤ ቤተሰቡን ሊያመጣ ወደ አገር የሚመለስ ሁሉ እሱን ይከተላል። ለእኛ ለልጆች ከረሜላ አያጣም። ከመንገድ ሲመለስ የጀለብያውን አቧራ እያራገፈ «አብሽሩ፣ በሰላም ገብተዋል» ይላል፤ ሰፈሩ እልል ይላል።

«እስካሁን አንዱም ተመልሶ አልመጣም እኮ» አሉት አንድ ቀን እትዬ በላይነሽ።

«ደርግ ይዟቸው ይሆናላ። ከድንበር ወዲያ ያለውን እኔ በምን አውቃለሁ እትዬ?»

ሁሉም አመነው። እናቴም «እርስዎ ደግሞ ሰው ማማት ያበዛሉ» ብላ ተቆጣቻቸው።

በክረምት መግቢያ ቀሚስ ሊለኩኝ ቆሜ ሳለ ፈንታ እጅጌው የተተረተረ ኮት ይዞ ገባ። ከገበያ ገዛሁት አለ። እትዬ ኮቱን ገለበጡት። ገበሩ ላይ አረንጓዴ አበባ ያለው ጨርቅ ተጥፏል። ጎረቤታችን መምህር ታደለ ልጆቹን ከቋራ ሊያመጣ ከፈንታ ጋር ሲነሣ፣ እትዬ ከገዛ ቀሚሳቸው ቆርጠው የጣፉለት ነበር።

«ነገ ከሰዓት ና፣ ይደርስልሃል» አሉት ፈገግ ብለው።

እሱ እንደወጣ ኮቱን ጠቅልለው ፖሊስ ጣቢያ ሮጡ። ሻዊሹ፣ የጣቢያው አለቃ፣ ሳቀባቸው። ቤት ተመልሰው የተቆረጠውን ቀሚስ አምጥተው ከገበሩ ጎን ሲዘረጉለት ግን ሳቁን ተወ።

በማግስቱ ፈንታ ኮቱን ሊወስድ ሲመጣ ተያዘ። ቤቱ ሲፈተሽ መንገድ የወጡት ሰዎች ልብስ፣ ቀለበትና ማተብ ተገኘ። ከራሃድ ወንዝ ማዶ፣ ቁጥቋጦ ውስጥ፣ የቀበራቸውን ራሱ እየመራ አሳየ። አምስት ነበሩ። አንዳቸውም ድንበሩን አላዩም።

ሞት ሲፈረድበት፣ አስተርጓሚው ቃሉን በአማርኛ እንደጨረሰ፣ ፈንታ ወደ እትዬ ዞሮ «አንቺ ሴትዮ፣ ቀሚስሽን ምን አስቆረጠሽ?» አላቸው። እናቴ ይቅርታ ልትጠይቃቸው ስትሄድ እትዬ «ገና ስጠረጥረው መጮህ ነበረብኝ» ብለው አለቀሱ።

ከዚያ ወዲያ መንገድ የሚወጣ ሰው ሁሉ ከሚቀረው ዘመዱ ጋር በሰላም ሲደርስ ብቻ የሚልካትን አንዲት የምስጢር ቃል እንዲስማማ አስለመዱን። ያችን ቃል ያላመጣ መልእክተኛ «ደርሰዋል» ቢልም አይታመንም።

እሳቸው እዚያው ገዳሪፍ ተቀበሩ። እኔ ግን አምና ልጄ ለሥራ መተማ ስትሄድ፣ እየሳቀችብኝም ቢሆን፣ ቃል ተስማማን። ስልክ ተቋርጦ ነበርና፣ በሦስተኛው ቀን አንድ የማላውቀው ሾፌር በሬን አንኳኳ።

«እማማ፣ ልጅዎ በሰላም ደርሳለች» አለኝ ከውጭ።

በሩን ሳልከፍት ጠበቅሁ።

«ደግሞ… ‹እንኮይ› በላት ብላኛለች» አለ፣ ግራ እየገባው።

ከፈትሁለት።