ከሩዝ ማሳ የሚመጡት ሰው

ኤርሲሊያ ያን ሽታ እስከ ዛሬ አልረሳችውም፤ የእርጥብ ጆንያና የሩዝ ማሳ ጭቃ ሽታ። ፓቪያ ውስጥ በሆስፒታል ላቦራቶሪ ትሠራ በነበረ ጊዜ፣ ለእርግዝና ምርመራ ሰኞ ሰኞ እንቁራሪት የሚያመጡት ሽማግሌ ገና ሳይታዩ ሽታቸው ይቀድማቸው ነበር። ስማቸውን የጠየቀ ሰው አልነበረም።

እንቁራሪት ከመንካታቸው በፊት እጃቸውን ውሃ ውስጥ ይነክራሉ። «የኛ እጅ ያቃጥላቸዋል» ይላሉ። ገበያ አውጥተው ለሚበላቸው ሰው የሚሸጧቸው እንቁራሪቶች ሞልተዋል። የሴት ሽንት የተወጉትን ወንዶቹን ግን ውጤቱ እስኪታይ በር ላይ ተቀምጠው ይጠብቁና ወደ ቦያቸው ይመልሷቸዋል። ሴትየዋ አርግዛ ከሆነ፣ ሽንቷን የተወጋው ወንድ እንቁራሪት የወንዴ ዘር ይለቃል፤ ምርመራው ይኸው ነበር።

«የምሥራች የነገረኝን እንዴት አድርጌ ልብላው?» ይላሉ ሽማግሌው።

አንድ ሰኞ ሽንቱ የራሷ የኤርሲሊያ ነበር። ከዚያ በፊት ሁለት ጊዜ ጽንስ ወርዶባት ስለነበር ለማንም አልተናገረችም፤ ጠርሙሱ ላይም የሌላ ሴት ስም ጻፈችበት። ወጣቱ ዶክተር ባልዛሬቲ ከእንቁራሪቱ የተቀዳውን ጠብታ በማይክሮስኮፕ አየና ጮኸ።

«የወንዴ ዘር ሞልቶታል! አርግዛለች! ማናት ይቺ ዕድለኛ?»

ኤርሲሊያ ቅድም ያጠበችውን ብርጭቆ እንደገና ማጠብ ጀመረች።

በር ላይ የተቀመጡት ሽማግሌ ትንሽ አዩዋት። ያን እንቁራሪት ከሌሎቹ ጋር ጆንያ ውስጥ አልከተቱትም፤ የአንገት መሐረባቸውን አርጥበው ጠቀለሉት። ቀጥለው እሷ ሁልጊዜ ደረጃውን ወርዳ የምትደፋውን ከባድ ባልዲ አነሱ።

«ይተዉት አባባ፣ የኔ ሥራ ነው።»

«ከዛሬ ጀምሮ አይደለም፣ ልጄ።»

በአንድ እጃቸው ባልዲውን፣ በሌላው መሐረቡን ይዘው ወጡ።